የደብረ ዳሞ ገመድ፤ ስለ መውጣትና ስለ ጽናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሰው ደልዳላውን መንገድ ሲሄድ ስለ እርምጃው አያስብም። እግሩ በልማድ ይራመዳል፤ ልቡ ግን ስለ ገበያው፥ ስለ እርሻው፥ ስለ ልጆቹ ያወጣል ያወርዳል። መንገዱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ገደል በሆነበት ጊዜ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ያን ጊዜ የተበተነው አሳብ በእጅ ጣትና በእግር ጫማ ላይ ይሰበሰባል፤ ጉልበት ይብረከረካል፤ ከሥር ያለው ጥልቀት ያዞራል፥ ከላይ የቀረው ርቀት ያስፈራል። በሜዳ ላይ ደፋር የነበረው በዚያ ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ በሜዳ ላይ ዝምተኛ የነበረውም ጽኑዕ ሆኖ ይገኛል። ከፍ ያለ ቦታ የሰውን ልብ እንዲህ አድርጎ ይመረምራል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ስለ ተራራ ደጋግመው ይናገራሉ። ሙሴ ሕግን ለመቀበል ወደ ሲና ወጣ። ኤልያስ ሞትን እስኪመኝ ድረስ ከደከመ በኋላ ወደ ኮሬብ ተጓዘ። ጌታችንም ክብሩን ሊገልጥ በወደደ ጊዜ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ ወደ ረጅም ተራራ ወጣ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ያለ ድካም የተወጣ አልነበረም።

ዛሬ የምንተርክላችሁ በአገራችን ስላለ ስለ አንድ ገደልና በእርሱ ላይ ስለ ተንጠለጠለ አንድ ገመድ ነው። ይህንም የምናደርገው ድንጋዩን ለማመስገን አይደለም፤ የሚፈራ ሰው እንዴት ሊወጣ እንደሚችል ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን ታሪክ ለመማር ነው እንጂ።

ደብረ ዳሞ በትግራይ ውስጥ፥ ከአዲግራት በስተ ምዕራብ፥ ለኤርትራ ወሰን ቀርቦ የሚገኝ አምባ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ራሱ እንደ ገበታ የተስተካከለ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ወርዱ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዙሪያውን በገደል ስለ ታጠረ እንደ ሌላው ተራራ እየዞሩ የሚወጡበት መንገድ የለውም። እንግዳው እስከ ገደሉ ሥር ድረስ በእግሩ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ከ15 ሜትር የማያንስ ቀጥ ያለ ዐለት ከፊቱ ይቆማል፤ በዐለቱም ላይ ከበላይ የተለቀቀ ገመድ ተንጠልጥሎ ያያል። ሌላ በር የለም።

ገመዱ የከብት ቆዳ ተልጦና ተገምዶ የተሠራ ጠፍር ነው። ለሚወጣው ሰው ሁለት ነገር ይሰጠዋል። አንደኛው በሁለት እጁ የሚይዘው ወፍራም ጠፍር ነው። ሁለተኛው በወገቡ የሚታጠቀው ገመድ ነው፤ የዚህ ጫፍ ከላይ በበሩ በቆመው መነኵሴ እጅ ነው። ወጪው ወፍራሙን ጠፍር ይዞ፥ ገላውን ከዐለቱ ትንሽ አርቆ፥ በእግሩ የብዙ ዘመን ወጪዎች የረገጧቸውን መርገጫዎች እየፈለገ ይወጣል። መነኵሴውም የወገቡን ገመድ ሳያላላ፥ ወጪው በወጣ መጠን ወደ ላይ ይሰበስበዋል። የወጪው እጅ ቢዝል ወይም እግሩ ቢንሸራተት የሚይዘው ይህ ሁለተኛው ገመድ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ሰው በገዛ ክንዱ ብቻ አይወጣም። የሚይዘው ገመድ አለ፤ የሚይዘውም ሰው አለ። ያ የሚይዘው ሰው ደግሞ አስቀድሞ በዚያው ገደል ላይ ተንጠልጥሎ የወጣ ነው። የወጪውን ፍርሃት ያውቀዋል፤ ክንድ የሚዝልበትን ቦታ ያውቀዋል፤ ስለዚህም በወጪው አይሥቅበትም። ስለ ጽናት በዛሬው ቀን የምንናገረው ሁሉ ከዚህ ነገር የሚወጣ ነው።

ይህ መንገድ እንዴት ተጀመረ? በአምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፥ ከሮም ግዛትና ከሶርያ አገር መጡ የሚባሉት ዘጠኙ ቅዱሳን ወደ አክሱም ገቡ። እነርሱም አባ አረጋዊ፥ አባ ጰንጠሌዎን፥ አባ ገሪማ፥ አባ አፍጼ፥ አባ ጉባ፥ አባ አሌፍ፥ አባ ይምዓታ፥ አባ ሊቃኖስና አባ ጽሕማ ናቸው። በአክሱም አብረው ከተቀመጡ በኋላ ወንጌልን ለማስተማርና የምንኵስናን ሥርዓት ለማስፋፋት ወደየበኩላቸው ተለያዩ። አባ አፍጼ ወደ ይሓ፥ አባ ገሪማ ወደ መደራ፥ አባ ይምዓታ ወደ ገርዓልታ ሲሄዱ፥ የመጀመሪያ ስማቸው ዘሚካኤል የነበረው አባ አረጋዊ ወደ ዳሞ አቀኑ። አረጋዊ ማለት ሽማግሌ ማለት ነው፤ ይህም ስም ገና በጕልማሳነታቸው ስለ ታየባቸው የአእምሮ ብስለት የተሰጣቸው መሆኑ ይነገራል።

ገድላቸው እንደሚተርከው፥ አባታችን ወደ አምባው በደረሱ ጊዜ ዙሪያውን ሁሉ ቢዞሩ መውጫ አጡ። ያን ጊዜ የእግዚአብሔር መልአክ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ እየጠበቃቸው፥ በአምባው ላይ ይኖር የነበረው ርዝመቱ ስድሳ ክንድ የሆነ ዘንዶ ወገባቸውን ተጠምጥሞ ወደ ላይ አወጣቸው። በአብያተ ክርስቲያናችን ግድግዳና በብራና መጻሕፍታችን የአባ አረጋዊ ሥዕል ያለ ዘንዶው የማይሣለው ስለዚህ ነው፤ በዓላቸውም ጥቅምት 14 ቀን ይከበራል።

በዚህ ትረካ ውስጥ በጥንቃቄ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። ገድሉ ቅዱሱን እንደ ኀያል ገደል ወጪ አድርጎ አላቀረባቸውም። መንገድ ያጡ፥ ዙሪያውን የዞሩ፥ የሌላ ኀይል የሚያስፈልጋቸው ሰው አድርጎ አቀረባቸው እንጂ። ደግሞም ወደ ላይ ያወጣቸው ነገር ያማረ መሰላል አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ዘንዶ ነበረ። ሊያጠፋ የሚችለው ነገር በእግዚአብሔር ፈቃድ መወጣጫ ሆነ። በሕይወታችን ልናመልጠው የምንሻው መከራ አንዳንድ ጊዜ ከፍ የምንልበት መንገድ ሆኖ እንደሚገኝ ከዚህ እንረዳለን።

አንድ ሰው ወጣ ማለት ግን ገና ገዳም ተመሠረተ ማለት አይደለም። ለገዳም ቤተ ክርስቲያን ያስፈልጋል፥ ውሃ ያስፈልጋል፥ እህል ያስፈልጋል። እንደ ትውፊቱ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት የዐፄ ካሌብ ልጅ ዐፄ ገብረ መስቀል ናቸው። ሕንጻው በአክሱማውያን ጥበብ የድንጋይ ረድፍና የእንጨት ረድፍ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው፤ ከግድግዳውም ወጣ ወጣ ያሉት የድቡልቡል እንጨቶች ጫፎች የዝንጀሮ ራስ ተብለው ይጠራሉ። ጣራው በውስጥ በኩል የአራዊትና የእንስሳት ቅርጽ በተቀረጸባቸው ሳንቃዎች የተሸፈነ ነው። በአገራችን ከቆሙት የሕንጻ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ከሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንትም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጥንተውታል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በማቴውስ ረዳትነት ታድሷል።

ያ ሁሉ እንጨት እንዴት ወጣ? ትውፊቱ እንዲህ ይላል፤ ንጉሡ ለሥራው የሚሆን መወጣጫ በገደሉ ላይ አሠርተው ነበር። ሥራው በተፈጸመ ጊዜ መወጣጫው ይኑር ወይስ ይፍረስ ተብሎ ተጠየቀ። አባ አረጋዊም እንዲፈርስ አዘዙ፤ ዳሞ የሚለው ስም «አፍርሰው» ከሚለው የትእዛዝ ቃል የወጣ ነው ይባላል። በመወጣጫውም ፈንታ የዘንዶው መታሰቢያ የሆነ ገመድ በገደሉ ላይ ተሰቀለ።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ ምቹው መንገድ ለምን ፈረሰ? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ገደሉ ከወንበዴና ከጠላት የሚጠብቅ ቅጥር ነው። ነገር ግን ሌላም ፍሬ አፍርቷል። መወጣጫ ቢኖር ኖሮ ሁሉ ለብቻው በፈለገበት ሰዓት በወጣና በወረደ ነበር። ገመድ በሆነ ጊዜ ግን ከታች ያለው መጥራት ግድ ሆነበት፤ ከላይ ያለውም መስማት ግድ ሆነበት። እንግዳው የማያውቀውን መነኵሴ ይታመናል፤ መነኵሴውም የማያውቀውን እንግዳ ይሸከማል። ከዚያን ዘመን ጀምሮ ጳጳሱም ተማሪውም፥ ባለጸጋውም ለማኙም በአንድ ገመድ ወጥተዋል። በዐለቱ ፊት ማዕርግ የለም።

እዚህ ላይ አንዲት እናት ልናስታውስ ይገባናል። የአባ አረጋዊ እናት እድና ልጃቸውን ተከትለው ወደዚህ አገር መጡ፤ በምንኵስናም ኖሩ። ወደ አምባው ግን አልወጡም፤ በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ወደ ላይ አይወጡምና። በአምባው ሥር የሴቶች ገዳም የእርሳቸው መታሰቢያ ሆኖ ይነገራል። እንግዲህ የሰው ጽናት በወጣው ክንድ ብዛት ብቻ እንዳይለካ እወቁ። ልጇን ወደ ገደል ሰድዳ ከታች በጸሎት የምትቆም እናት ከወጪው ያነሰ አልታገሠችም። ሴቶችስ ገደል አይደፍሩም የሚል ቢኖር፥ ወደ ገርዓልታ ይሂድና በአባ ይምዓታ ስም የተጠራውን በዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ይመልከት። በዚያ እናቶች ጫማቸውን አውልቀው፥ ሕፃናቶቻቸውን አዝለው፥ ቁልቁል ማየት በሚያስፈራው ዐለት ላይ በእጅና በእግር እየተያዙ ልጆቻቸውን ለማስጠመቅ ይወጣሉ። ለራሱ የሚፈራ ሰው ለሚወደው ሲል ፍርሃቱን ይረሳል።

ወደ ደብረ ዳሞ እንመለስ። በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ጊዜ አገሪቱ በተናወጠች ሰዓት፥ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው ሲሰደዱ ኖረው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1540 በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ባለቤታቸው እቴጌ ሰብለ ወንጌልም በዚያው አምባ ተጠግተው ነበር። ገዳሙ ለሴቶች የተዘጋ ቢሆንም በዚያ የመከራ ዘመን ለንግሥቲቱ መሸሸጊያ ሆነ።

የእቴጌይቱን ኀዘን አስቡት። የበኵር ልጃቸው ፊቅጦር በጦርነቱ ወድቋል። ሌላው ልጃቸው ሚናስ ተማርኮ ባሕር ማዶ ወደ የመን ተወስዷል። ባላቸው ሞተዋል። የነገሠው ልጃቸው ገላውዴዎስ ገና ወጣት ነው፤ እርሱም በሩቅ አገር ይዋጋል። ከገደሉ ሥር ጠላት ከበባ ያደርጋል፤ ገደሉ ግን አልተደፈረም፤ ገመዱ ወደ ላይ ተሰብስቧልና።

በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫን ዳ ጋማ 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ይዞ በምጽዋ በኩል ገባ፤ ንግሥቲቱም ከአምባው ወርደው ከእርሱ ጋር እንዲጓዙ ሰዎችን ላከ። ይህን ከጦሩ ጋር የነበረው ሚጌል ዴ ካስታንዮሶ ጽፎታል። አድማጮች ሆይ፤ በዚህ ሰዓት ድፍረት ማለት መውጣት አልነበረም፤ መውረድ ነበር እንጂ። በላይ መቆየት ደኅንነት ነበር። መውረድ ግን የጦርነቱን ዕጣ ከሕዝባቸው ጋር መካፈል ነበር። እቴጌይቱ ወረዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀላል አልነበረም። በ1542 ክሪስቶቫን ዳ ጋማ በወፍላ ድል ሆኖ ተማረከና ተገደለ። ንግሥቲቱ ግን ከተረፉት ጋር ወደ ተራራዎቹ አፈግፍገው ልጃቸውን ገላውዴዎስን እስኪያገኙ ድረስ ጠበቁ። በየካቲት 1543 በወይና ደጋ ጦርነት ኢማም አሕመድ ወደቀ። በዚያም የኢማሙ ልጅ ተማርኮ ነበርና፥ እቴጌ ሰብለ ወንጌል በእርሱ ለውጥ በባዕድ አገር የነበረውን ልጃቸውን ሚናስን አስመለሱ። ሚናስም ከወንድሙ በኋላ በ1559 ነገሠ። አንዲት እናት በገደል ራስ ላይ ተከብባ ሳለች ተስፋ ቈርጣ ቢሆን ኖሮ፥ ይህ ሁሉ እንዴት በሆነ?

አምባው ከዚያም ወዲህ ብዙ መከራ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተነሣው ጦርነት ጊዜም ገዳሙ ጉዳት እንደ ደረሰበት በብዙ ተዘግቧል። እንግዲህ ገደል ከመከራ ሁሉ ይጠብቃል ማለት አይቻልም። የጸናው ድንጋዩ ሳይሆን፥ ከጥፋት በኋላ ተመልሶ ገመዱን የሚሰቅለው ሰው ነው።

ይህ የገመድ ትምህርት በእኛ አገር ብቻ የታየ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ ካሉት ተራራዎች ሁሉ ከፍ የሚለው በኔፓልና በቲቤት ወሰን ያለው ኤቨረስት ነው፤ ከፍታው 8,848 ሜትር ከመሆኑ የተነሣ ከራሱ ላይ ያለው አየር እጅግ የሳሳ ነው፤ ሰው ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ትንፋሹ ይቆረጣል። በ1924 እንግሊዛውያኑ ማሎሪና አርቪን ወደ ጫፉ ሲወጡ ታይተው በዚያው ቀሩ፤ የማሎሪ አስከሬን ከ75 ዓመት በኋላ በ1999 ሲገኝ ገመዱ በወገቡ እንደ ታሰረ ነበረ።

ከጫፉ የመጀመሪያ ሆነው የደረሱት ቴንዚንግ ኖርጌይና የኒው ዚላንዱ ንብ አርቢ ኤድመንድ ሂላሪ ናቸው፤ ቀኑም ግንቦት 21 ቀን 1945 ዓ.ም. ነበረ። ዓለም ያን ቀን ብቻ ያስታውሳል። ነገር ግን ቴንዚንግ ወደዚያ ተራራ መሄድ የጀመረው ገና በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተሸካሚነት ነበር። ደጋግሞ ሄዷል፤ ደጋግሞም ሳይደርስ ተመልሷል። በ1952 ከስዊሱ ላምበርት ጋር ሆኖ ከጫፉ 250 ሜትር ያህል እስኪቀረው ድረስ ወጥቶ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ግን እንደገና ጀመረ። በዚያው ጉዞ መጀመሪያ ላይ ሂላሪ በበረዶ ስንጥቅ ውስጥ በወደቀ ጊዜ ገመዱን አጥብቆ ይዞ ያዳነው ቴንዚንግ ነበር። ሁለቱ በጫፉ ላይ የቆሙት አስቀድመው በአንድ ገመድ ስለ ታሰሩ ነው።

ከእነርሱም በፊት በሦስት ቀን ቀድመው የወጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸው ቦርዲሎንና ኢቫንስ ነው። ከጫፉ 100 ሜትር ያህል ሲቀራቸው ድካሙ በረታ፥ ሰዓቱ መሸ፥ የመተንፈሻ መሣሪያቸውም አስቸገራቸው። ጫፉን በዓይናቸው እያዩ ለመመለስ ወሰኑ። ከመንገዱ ላይ ግን ያልተጨረሰ የኦክሲጅን ጠርሙስ ትተው ነበርና፥ ቴንዚንግና ሂላሪ ሲመለሱ በእርሱ ተጠቀሙበት። እነዚህ ሰዎች ተሸነፉ እንበልን? አይደለም። በሕይወት ተመልሰዋል፤ ለሚከተላቸውም እስትንፋስ ትተውለታል።

እዚህ ላይ ጽናትንና ከንቱ ድፍረትን ለይተን ማወቅ ይገባናል። ጌታችን በምድረ በዳ በተፈተነ ጊዜ ፈታኙ ወደ ቤተ መቅደሱ ጫፍ አውጥቶ ራሱን ወደ ታች እንዲጥል ጠይቆት ነበር፤ እርሱ ግን እግዚአብሔርን መፈታተን አይገባም ብሎ መለሰለት። ገመድ እያለ ያለ ገመድ የሚወጣ፥ ሰው እንዲያየው ሲል በገደል የሚጫወት፥ የሚመክረውን የማይሰማ፥ እርሱ ጽኑዕ አይደለም፤ ነፍሱን ያቃለለ ነው። ጽኑዕ ሰው ፍርሃቱን ያውቃል፤ ገመዱን ይመረምራል፤ የቀደመውን ይጠይቃል፤ መመለስ ሲገባውም ይመለሳል፤ ቀኑ ሲፈቅድ ደግሞ እንደገና ይጀምራል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈውን የዮናታንን ታሪክ ታውቃላችሁ። በሁለት ሾጣጣ ዐለቶች መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ የጠላት ሰፈር ከላይ ነበረ። ዮናታን በእጁና በእግሩ እየተንጠላጠለ ወጣ፤ ጋሻ ጃግሬውም ከኋላው ተከተለው። ከመውጣቱ አስቀድሞ ግን የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚያውቅበትን ምልክት ጠበቀ። ለብቻውም አልወጣም። ያ ስሙ እንኳ ያልተጻፈ ጋሻ ጃግሬ፥ አለሁልህ ያለው ያ ሰው፥ የድሉ ግማሽ ነው።

ጴጥሮስም በባሕር ላይ ሲራመድ መስጠም የጀመረው ዓይኑን ከጌታው አንሥቶ ወደ ነፋሱ በተመለከተ ጊዜ ነው። በገደልም እንዲሁ ነው። በደብረ ዳሞ ጠፍር ላይ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ቁልቁል ቢመለከት ጥልቀቱ ክንዱን ይሰርቀዋል፤ የቀረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊወጣ ቢያስብም ልቡ ይቆረጣል። የሚያስፈልገው የሚቀጥለውን አንድ መርገጫ ማግኘት ነው፤ ከዚያም ሌላውን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶች ይህን አውቀው ነው። ጽናት ማለት አንድ ታላቅ ጀግንነት አይደለም፤ ብዙ ትንንሽ መጨበጥና ብዙ ትንንሽ መርገጥ ነው።

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፤ ከእኛ መካከል ወደ ደብረ ዳሞ የሚሄደው ጥቂት ነው፤ ወደ ኤቨረስት የሚሄደውም ከዚያ ያነሰ ነው። ገደል የሌለበት ሕይወት ግን የለም። በሕመም አልጋ ላይ ከመንፈቅ በላይ የተኛው ሰው በገደል ላይ ነው። ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች የምታሳድግ እናት በገደል ላይ ናት። ፈተና ወድቆ እንደገና መጽሐፉን የሚገልጠው ተማሪ፥ ከመጠጥ ልማድ ሊወጣ የሚታገለው ጐልማሳ፥ ዕዳውን በሐቀኝነት ለመክፈል የሚደክመው ነጋዴ፥ እነዚህ ሁሉ ዛሬ እጃቸው ዝሎ በመካከለኛው ዐለት ላይ ተንጠልጥለዋል። ወደ ታች ቢመለከቱ ያዞራቸዋል፤ ወደ ላይ ቢመለከቱ ሩቅ ይሆንባቸዋል።

ለእነርሱ ሁለት ቃል እንላለን። አንደኛው፥ መፍራትህ ኀጢአት አይደለም፤ ገመዱን አትልቀቅ። ገመዱ ጸሎት ነው፥ ንስሓ ነው፥ ምክር ነው፥ የባልንጀራ እጅ ነው። መጥራት አትፈር፤ በዚያ አምባ ማንም ሳይጠራ አልወጣምና። ሁለተኛው፥ ቢያዳልጥህ ወድቄያለሁ ብለህ አትደምድም። በወገብህ የታሰረውን የያዘ አለ።

አስቀድመን ለወጣነው ደግሞ ሌላ ቃል አለ፤ ይህም የሚከብደው ነው። የተማረ፥ የዳነ፥ የከበረ፥ ከመከራ ያመለጠ ሰው ሁሉ በላይኛው በር ላይ ቆሟል። በእጁ ገመድ አለ። ወጥቶ ገመዱን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ወጣ አይባልም። ከሥር ድምፅ ሲሰማ፥ ምነው እኔ ያለ ረዳት ወጥቼ የለምን? የሚል ይኖር ይሆናል። ያለ ረዳት የወጣ ግን የለም። አባ አረጋዊ እንኳ የሚጠብቃቸው መልአክ ነበራቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ያ የደብረ ዳሞ ጠፍር ብዙ ቀጫጭን የቆዳ ልጦች ተገምደው የሆነ ነው፤ አንዱ ልጥ ለብቻው ሕፃን እንኳ አይሸከምም።

ስለዚህ ዛሬ ከመተኛታችን በፊት እያንዳንዳችን ሁለት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ። በመውጣት ላይ ያለን፥ ማንን ልጥራ? እንበል። የወጣንም፥ ከሥሬ ማን እየጠራኝ ነው? እንበል።

አባቶቻችንን በገደሉ ላይ ያጸና አምላክ የዛለውን ክንዳችንን ያበርታልን። የምንረግጥበትን ይስጠን፤ የሚይዘንን አያሳጣን፤ እኛንም ለሌላው የምንይዝ ያድርገን። የአባታችን የአቡነ አረጋዊና የዘጠኙ ቅዱሳን በረከት፥ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይኑር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ለዘለዓለሙ አሜን።